ሁለተኛው ሽቦ

ጥቅምት 15 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ዓፊያ ዛሬ ጨፋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ወደቀች። ወደቀች እንኳ አይባልም፤ ሽርጥና ሂጃብ ከዘረጋችበት ሸራ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ከጎኗ የምትሸጠው ሴት "ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?" ብላ ጠየቀቻት። ባጃጅ አስቁመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ለእኔ የደወለችልኝ እህቷ ኢልሃም ናት። እዚህ ከሚሴ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ለማጠናከሪያ ሰብስቤ ስለ ኤሌክትሪክ እያስረዳሁ ነበር። ጠመኔውን በእጄ እንደያዝኩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሮቢት ስደርስ ጠመኔው መዳፌ ውስጥ ደቅቆ ዱቄት ሆኗል።

ጤና መኮንኗ ሀዲጃ ትባላለች። ከተማሪዎቼ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። የዓፊያን እጅ ይዛ ሰዓቷን ታያለች። "በደቂቃ ሁለት መቶ አስር" አለችኝ። የሰው ልብ ይህን ያህል መምታት እንደሚችል አላውቅም ነበር። የዓፊያ አንገት ላይ ያለው ሥር ከሩቅ ሲርገበገብ ይታያል።

ሀዲጃ መርፌ የሌለው ባዶ ሲሪንጅ አውጥታ ሰጠቻት። "እህቴ፣ በጫፉ በኩል ንፊው። ውስጡ ያለው መግፊያ እስኪነቃነቅ ድረስ፣ ሳታቋርጪ!" ዓፊያ ነፋች። አስራ አምስት ሰከንድ ያህል። ጉንጯ ሊፈነዳ ደረሰ። ወዲያው ሀዲጃ በጀርባዋ አስተኛቻትና ወደ እኔ ዞረች። "ምን ትቆማለህ! እግሯን ያዝ፣ ወደ ላይ!" ያዝኩ። የገበያ አቧራ የለበሱ የሚስቴን እግሮች ወደ ላይ አንስቼ ቆምኩ። ከመጋረጃው ማዶ ሰዎች ያዩናል። መጋረጃውን የሚዘጋልኝ አጣሁ።

"ቆመ" አለች ዓፊያ።

እግሯን ልለቅ ምንም አልቀረኝ። ልቧ የቆመ መስሎኝ።

"ሩጫው ነው የቆመው፤ አብሽር!" አለችኝ ሀዲጃ እየሳቀች። ምቱ ወደ ሰማንያ ሁለት ወርዷል።

ከዚያ "ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ዓፊያ መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ "አልፎ አልፎ" አለች።

"ጭንቀት ነው፤ ገበያ ስትውል ይደክማታል" አልኩ እኔ። ሀዲጃ ዓፊያ ያለችውን ጻፈች። እኔ ያልኩትን አልጻፈችም።

ጥቅምት 16

ደህና ናት። ትናንት ያልተሸጠውን ሂጃብ አጣጥፋ አስቀመጠች። ተኚ ብላት እምቢ አለች። ሐሙስ ከሚሴ ሆስፒታል ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ እንድትነሳ ሀዲጃ ወረቀት ጽፋልናለች።

እስከ ዛሬ ልብሽን ተመርመሪ ያላት ሰው የለም። ቢነግሩን ኖሮ እናደርገው ነበር።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ደረቷ፣ እጇና እግሯ ላይ ሽቦ አገናኙ፤ ማሽኑ ወረቀት ተፋ፤ አለቀ። አምስት ደቂቃ!

ዶክተር ሸምሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶ አሳየን። ዓፊያ ዛሬ ደህና ናት፤ ልቧም ዝግ ብሎ ነው የሚመታው። ወረቀቱ ላይ ግን ምልክቱ አለ። በያንዳንዱ ምት ላይ ቀጥ ብሎ ከሚወጣው ጫፍ በፊት አንዲት ትንሽ ዳገት አለች። "ይህቺን አያችሁ? ይህቺ ልትኖር አይገባትም" አለ።

አስተማሪ መሆኔን ስነግረው በኔው ቋንቋ አስረዳኝ። የልብ ኤሌክትሪክ ከላይ ይነሳና በአንዲት በር በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በሯ ጥቂት ታስጠብቀዋለች። የዓፊያ ልብ ግን በሩን ሳይነካ የሚያልፍ ሁለተኛ ሽቦ አለው። አንዳንዴ በአንዱ የወረደው በሌላው ይመለስና ይዞራል፤ ይዞራል፤ ማቆሚያ ያጣል። ያን ጊዜ ነው ልቧ የሚሮጠው።

"ሾርት አደረገ ማለት ነው" አልኩት።

"ልክ ነህ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከእናቷ ማህፀን።"

አሁን ዓፊያ ጣልቃ ገባች። "ዶክተር፣ እውነት ነው ማለት ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"በሽታው። ያለ ነገር ነው?"

"እንዴታ! ይኸው፣ በወረቀት።"

ወረቀቱን እንዲሰጣት ለመነችው። እሱ ዋናውን አስቀርቶ ሌላ አተመላት። በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባጃጅ ውስጥ ሆነን ዓይኗን በሂጃቧ ጫፍ ስትጠርግ አየኋትና "ምነው?" አልኳት። "ነፋሱ ነው" አለች። እውነትም የባጃጁ መጋረጃ ተገልጦ ነበር፤ ነፋስም ነበር።

ጥቅምት 22

ዶክተር ሸምሱ ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ አዲስ አበባ ለሚገኙ የልብ ምት ሐኪሞች ልኮት ነበር። በማግስቱ መልስ መጣ። ለጊዜው ኪኒን ትውሰድ፤ ተራ ሲደርሳት ትምጣና ይሠራላት ተባለ። ድሮ ለዚህ በሽታ ደረት ይከፈት ነበር አለኝ። አሁን ግን በታፋ በኩል ባለው የደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው ልቧ ድረስ ይሄዳሉ፤ ትርፉን መንገድ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ይፈልጉታል፤ ሲያገኙት ያችን ቦታ ብቻ ያቃጥሏታል። ከማሽላ ፍሬ አትበልጥም። ያ ሽቦ ከተቃጠለ ከመቶ ዘጠና አምስቱ አይመለስባቸውም።

"ባይሠራላትስ?" አልኩት።

"ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። ጥቂቶቹ ላይ ግን ላይኛው የልብ ክፍል ይረበሽና በዚያ ሽቦ በኩል ያለ ጠባቂ ወደ ታች ይለቀዋል። ያን ጊዜ ድንገት ነው።" ድንገት ምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 24

ዛሬ ያልታሰበ ነገር ሰማሁ። ከትምህርት ቤት በጊዜ ተመለስኩ። ኢልሃም መጥታ ሁለቱ ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር። እኔ በሩ ጋ ጫማዬን እየፈታሁ ሳለ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ።

ኢልሃም፦ "ለሙህዲን ሲነሣብሽ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽውም?"

ዓፊያ፦ "ያለፈው ረመዳን ብቻ ሦስት ጊዜ ተነሥቶብኛል። አልነገርኩትም።"

"ለምን?"

"ፊቱን ማየት አልፈልግማ።"

ሳል አሰምቼ ገባሁ። ሁለቱም ስለ አንሶላ ማውራት ጀመሩ።

በኋላ ፊቴን በመስታወት አየሁት። ምንም የለበትም። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ኅዳር 2

የዓፊያ እናት፣ እማ ረቢአ፣ ከገጠር መጡ። ገና ከበሩ "እንተላ ኮ! ማል ታቴ?" ብለው አቀፏት፤ ልጄ፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። ያመጡትን ማርና ቅቤ ጥግ አስቀመጡ። ስለ ሽቦው ስነግራቸው አፋቸውን ይዘው "ኦኔን ሽቦ ቀብዲ?" አሉኝ። ልብ ሽቦ አላት ወይ?

"አላት እማ። የዓፊያ ደግሞ ሁለት ነው ያላት።"

"እኔ ያኔ ልጅ ሆና ሸኽ ዘንድ ወስጄ ቁርዓን አስቀርቼባት ነበር። ጅን መስሎኝ።"

"አሁን በእሳት ሊያቃጥሉት ነው" አልኳቸው።

አሰብ አደረጉና "ጅን ራሱ ከእሳት ነው የተፈጠረው። በእሳት የሚጠፋ ከሆነ ጅን አልነበረም ማለት ነው" አሉ። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ማስረጃ አልሰማሁም። ዓፊያ እስክታነባ ሳቀች። ስትስቅ ልቧ እንዳይነሣባት ፈርቼ "በቃ፣ በቃ" አልኳት። ሳቋን አቆመች። ምነው ባላልኳት።

ኅዳር 11

ኪኒኑ እጅ እግሯን ያቀዘቅዘዋል። ደረጃ ስትወጣ ይደክማታል። ጠዋት ስድሳ፤ ማታ ሃምሳ ስምንት። ሱብሒ ከሰገድን በኋላ እጇን ይዤ እቆጥራለሁ። ልጃችን ፋሪዳም መቁጠር ለመደች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከኔ ይልቅ እሷ ስትይዛት ዓፊያ ዝም ትላለች።

ኅዳር 15

የፈተና ጥያቄ ማውጣት። የክላስተር ስብሰባ። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ አላነሡም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ ያነሣችው ልጅ "ጋሼ፣ ስሟ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ እኛ እንደውላለን" አለችኝ። "ዓፊያ ሲባል በዓይኑ ዓ ነው" አልኳት። ለምን እንዳልኳት አላውቅም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ፈተና ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጥያቄ ቁጥር አራት ላይ ሁሉም እያቃሰቱ ነው።

ጥቅምት 16 ቀን ማንም አልነገረንም ብዬ የጻፍኩት ልክ አይደለም። ነግረውናል።

በ2011 ሰኔ ላይ እዚሁ ከሚሴ አንድ ክሊኒክ ዓፊያን አይቶ ደሴ ሄዳ ኢሲጂ እንድትነሣ ሪፈር ጽፎላት ነበር። ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የፈተና ሰሞን ነበር። የአስራ አንደኛ ክፍል መጽሐፌ ውስጥ አስገባሁት። ሲያልፍ እንሄዳለን አልኳት። ሲያልፍ ክረምቱ ገባ። አንድ ጊዜ "ያ ወረቀት የት ደረሰ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አንቺ ደህና ነሽ እኮ" አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ረሳሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። አልረሳሁትም። መጽሐፉን በየዓመቱ ስገልጥ አየው ነበር። ለኔ ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ ይቀለኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄደን ምንም የለም ቢሉንስ? ሰው ይስቅብናል ብዬ ነው። ሰው።

አምስት ደቂቃ። ከስድስት ዓመት በላይ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ደወሉ! ታኅሣሥ 13 ሰኞ። ከአምስት ቀን በፊት ኪኒኑን ታቁም አሉ፤ ልቧን ካላስነሡት ሽቦውን ማግኘት አይችሉም። ዓፊያ ገበያ ነበረች፤ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። "ሰማሽኝ?" "ሰማሁህ። ጨርቅ እየለካሁ ነው፤ ቆይ" አለች። ከስልኩ ውስጥ ለደንበኛዋ ሁለት ክንድ ጨምራ ስትለካላት ሰማሁ። "ይሄ የሰደቃ ነው" ብላ።

ታኅሣሥ 8

ኪኒኑን አቆመች። ከዛሬ ጀምሮ ጠባቂ የለም። ሲሪንጁን ኮቴ ኪስ ውስጥ አድርጌያለሁ። ዶክተር ሸምሱ እንደገና አሳየኝ፦ በግማሽ ጋደም ብላ ትነፋለች፣ አስራ አምስት፤ ወዲያው ጠፍጣፋ ትተኛለች፣ እግሯ ይነሣል፣ አስራ አምስት። በትራስ ላይ ተለማመድን። ፋሪዳ ታማሚ ሆና ተኛችልኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

መንገዱ ተዘጋ። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሚኒባስ የለም። መናኸሪያ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዱ ሾፌር "ነገ ይከፈት ይሆናል" አለኝ፤ ሌላው "ሳምንትም ሊሆን ይችላል።" ተራችን ካለፈ እንደገና ከሥር እንጀምራለን ማለት ነው። ኪኒኑም ቆሟል።

ቤት ገብቼ ለዓፊያ "ሌላ ቀጠሮ እንለምናለን" አልኳት። ወረቀቷን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። "እኔ አልለምንም" አለች። "በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።" እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።

ኢልሃም ናት ያሰበችው። በሰሜን በኩል ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በአውሮፕላን። ባሏን ልካ ትኬት አስቆረጠችልን። ነገ ከሰዓት።

ታኅሣሥ 11

አዲስ አበባ ደርሰናል። አልሃምዱሊላህ። የአክስቷ ልጅ ቤት ነን። ዓፊያ ሻይ ይዛ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ እኔ መኝታ ክፍል ገብቼ እጽፋለሁ።

ኮምቦልቻ ፍተሻውን አልፈን የመሳፈሪያውን ጥሪ እየጠበቅን ነበር። ዓፊያ እጄን ጨበጠችኝ። በሰው ፊት እጄን ይዛኝ አታውቅም። ዞር ስል ፊቷ አመድ ነው።

"ተነሣ?"

በጭንቅላቷ አዎ አለችኝ።

መቀመጫዎቹ ሁሉ ብረት ናቸው፤ መተኛ የለም። ኮቴን አውልቄ መሬት ላይ አነጠፍኩት። በክንዴ ደግፌ በግማሽ አጋደምኳት። ሲሪንጁን ሰጠኋት። "ንፊ!" አልኳት። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ጠባቂ መጥቶ "ጌታዬ፣ ሴትየዋን ከመሬት ያንሷት" አለኝ። "እግሯን ነው የማነሣው፣ ዞር በል!" ብዬ ጮህኩበት። አስተኝቻት እግሮቿን ይዤ ቆምኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ከወገቧ በታች አለበሰቻት።

አልቆመም።

ዓፊያ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም። ቀና አድርጌ "እንደገና" አልኳት። "አንቺ ንፊ፤ እኔ አለሁ። ንፊ፣ ንፊ፣ ንፊ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." አዳራሹ በሙሉ ይሰማኛል። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። አስራ አምስት። አስተኛኋት። እግሯን አነሣሁ። ግንባሬ ላይ ያለው ላብ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል።

ትንፋሿ ሲለወጥ አየሁ። ትከሻዋ መሬቱ ላይ ለቀቀ።

"ቆመ" አለች። "ሩጫው" ብላ ጨመረችልኝ።

የአየር መንገዱ ሰዎች ሩብ ሰዓት ያህል አይተዋት፣ ወረቀቷን አንብበው፣ ዶክተር ሸምሱን በስልክ አነጋግረው አሳፈሩን። አውሮፕላኑ ውስጥ "ሰው ሁሉ እያየን ነበር እኮ" አለችኝ።

"ይየን" አልኳት።

መስኮቱ በእሷ በኩል ነበር። የጨፋን ሸለቆ እፈልጋለሁ ብላ ግንባሯን መስታወቱ ላይ እንደለጠፈች አዲስ አበባ ገባን።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ነኝ።

አራት ሰዓት። ምንም የለም።

አራት ተኩል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ከጅማ ነው የመጡት። ለልጃቸው ነው። "አንተስ ለማን?" አሉኝ። "ለሚስቴ።" "ከስንት ጊዜ ጀምሮ ታመመች?" "ከልጅነቷ።" "ኧረ! እስከ ዛሬ ምን ይዟችሁ?" ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁ።

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ለማንበብ የሚያሳፍር ነው፤ እጽፈዋለሁ። በዚያው በ2011፣ ወረቀቱን መጽሐፍ ውስጥ ካስገባሁ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ የአረፋ ዕለት ኢልሃም ቤት ምሳ ላይ ነበርን። ዓፊያ ከማዕዱ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ዘመዶቹ "ምን ሆና ነው?" አሉ። እኔ አንድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን አንከራትቼ፣ "ዋይ ልቤ፣ ዋይ ልቤ" ብዬ አስመሰልኳት። ሁሉም ሳቁ። "ስሟ ዓፊያ፣ ዓፊያ ግን የላትም" ብዬ ጨመርኩ፤ ዓፊያ ጤና ነውና። ቀና ስል በጓዳው በር ላይ ቆማ አየኋት። አልተቆጣችም። የቀረበላትን ሥጋ ወስዳ ለፋሪዳ አጎረሰቻት። ያን ዕለት ልቧ ስንት እየመታ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

አምስት ተኩል። ያረቢ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ፦ አለቀ! ሐኪሟ ወጣች፤ አጭር ሴት ናት፤ ከጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጧን እየፈታች። "የዓፊያ ባለቤት?" ስትል ወንበሩን ገልብጬ ተነሣሁ። ልቧን ራሳቸው አስነሥተው፣ ሽቦውን በካርታው ላይ ተከታትለው፣ በግራ በኩል አገኙት። ማቃጠል በጀመሩ በአራተኛው ሰከንድ ያቺ ትንሽ ዳገት ከስክሪኑ ላይ ጠፋች። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ፤ እንደገና ሊያስነሡት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። "አሁን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላት" አለች።

አመሰግናለሁ ልላት ፈልጌ "በአራት ሰከንድ?" አልኳት። "በአራት ሰከንድ" አለችኝ።

ዓፊያ ስትወጣ የመጀመሪያ ቃሏ "ራበኝ" ነበር።

ታኅሣሥ 14

ስድስት ሰዓት ሙሉ እግሯን ሳታጥፍ በጀርባዋ ተኛች። ሾርባ በማንኪያ አጠጣኋት። ግማሹ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። "ፋሪዳን እንዲህ ነው የምትመግባት?" አለችኝ። ስለ አረፋው ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ነርሷ መጣች። ሁለተኛው ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የተኛች አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 20

ቤታችን ነን። መንገዱ ተከፍቶ በሚኒባስ ተመለስን። እማ ረቢአ ደጃፉ ላይ ሆነው ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። "ልቧ አሁን ትናገራለች፤ አትጮህም" አሉ። ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ፣ ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ፤ ጌታ ያሽርሽ እያሉ እስከ ዐስር ሶላት አልተዋትም።

ጥር 8፣ ዓርብ

ኢልሃም ቤት የምስጋና ሰደቃ ነበር። ያው የ2011 ሰዎች ናቸው፤ የሞቱት ሁለቱ ሲቀሩ። ዱዓው ካለቀ በኋላ አንዱ አጎት "ሙህዲን፣ አንተ እንኳን ጀግነሃል፤ አየር ማረፊያ ላይ ያደረግከውን ሰማን" አሉኝ። ሌሎቹም አወደሱኝ። ዓፊያ ቀና ብላ አላየችኝም። ሳህኖች ትሰበስብ ነበር።

"ዓፊያ፣ አንዴ ቁጭ በይ" አልኳት። ሳህኖቹን እንደያዘች ተቀመጠች።

"እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ በአረፋ ዕለት፣ ዓፊያን አስመስዬ አስቄያችኋለሁ" አልኩ። "እሷ ያን ቀን ታማ ነበር። ሐኪም የጻፈላት ወረቀትም ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ። አየር ማረፊያ ያደረግኩትን ስትነግሩኝ ይህንንም እወቁ። ዓፊያ፣ አፉ በዪኝ። በነሱ ፊት ነው የበደልኩሽ፤ በነሱ ፊት አፉ በዪኝ።"

አጎትየው ጢማቸውን ይዘው አቀረቀሩ። ኢልሃም ትኩር ብላ አየችኝ። እማ ረቢአ ብቻ ነበሩ በቀስታ "እኛም ስቀን ነበር" ያሉት። "ልጄ፣ እኛንም አፉ በዪን።"

ዓፊያ ሳህኖቹን መሬት አስቀመጠቻቸው። "ወረቀቱ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር" አለች። "አቧራ ስጠርግ አየው ነበር። አንተ ራስህ እስክታወጣው ስጠብቅ ነበር።" ከዚያ "አፉ ብያለሁ" አለች፤ መጀመሪያ ለናቷ፣ ቀጥሎ ለሌሎቹ፣ በመጨረሻ ለኔ። ለኔ ስትል ድምፅዋ ቀነሰ። ሳህኖቹን እኔ አነሣኋቸው።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ዓፊያ ከተሠራላት ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮቢት ገበያ ወጣች። ጭነቱን እኔ ተሸከምኩ። ቀትር ላይ ሁሉን ሸጣ ጨረሰች። "ወንዙ ድረስ እንሂድ" አለችኝ። በቦርከና በኩል ያባቷ ማሳ አለ።

ማሽላው ታጭዷል። አገዳው ተከምሯል፤ ከብቶች ቃርሚያው ላይ ተሰማርተዋል። ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እኔ እያለከለክሁ እከተላለሁ። መሀል ማሳው ላይ ቆመች።

"እዚህ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"የመጀመሪያው።"

አስራ አራት ዓመቷ ነበር። ከማሽላው ላይ ወፍ ስትጠብቅ፣ ወንጭፍ ወርውራ ክንዷን ሳትመልስ ልቧ ተነሣ። እናቷ ሩቅ አልነበሩም፤ ከወንዙ ማዶ ይታዩዋታል። አልተጣራችም። አገዳው መሀል ገብታ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ጭና ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ቆየች።

"እጅሽን ለምን ጫንሽው?"

"ድምፁ እንዳይወጣ። ሰው የሚሰማው መስሎኝ ነዋ!"

የተጠቀለለውን ሸራ መሬት አስቀምጬ ቃርሚያው ላይ ተቀመጥኩ። "ሁለተኛውስ?" አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ፊቴን ነበር የምታየው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ሁለተኛው ውሃ ልቀዳ ስወርድ ነው" ብላ ጀመረች።